ከታቦር ግርጌ፦ የሆርሞን ዕጢዎች ትምህርት፣ የሙያ ፈቃድ ፈተና እና የታካሚው ቤት

(በሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ለነርሲንግ ተማሪዎችና መምህራን የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የንግግሬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ጠባብ መስሎ ሊታይ እንደሚችል አውቃለሁ። ለሙያ ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጅ የነርሲንግ ተማሪ የሆርሞን አመንጪ ዕጢዎችን በሽታዎች እንዴት ማጥናት ይገባዋል? ጥያቄው ይኸው ነው። ነገር ግን ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ስሸከመው ስለኖርሁ፣ ትንሽ ጊዜ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቼ ነበር። እንደምታውቁት ፈተና ሲቃረብ ተራራው የእግረኞች ብቻ ሳይሆን የንባብ ቤትም ይሆናል። ከበታች ሐይቁ ተዘርግቶ፣ ከተማው በዛፎቹ መካከል እየተገለጠ፣ ሁለት ተማሪዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠያየቃሉ። እርሷ ትጠይቃለች፤ እርሱ ይመልሳል።

«አዲሰን?»

«ሶዲየም ዝቅ፣ ፖታሲየም ከፍ፣ የደም ግፊት ዝቅ፣ ስኳር ዝቅ።»

«ኩሺንግ?»

«ተቃራኒው።»

ምልሱ ሁሉ ትክክል ነበር። ቆሜ ጥቂት አዳመጥሁ። «ለምን?» የምትለዋን ቃል ግን አንድም ጊዜ አልሰማሁም። ልወቅሳቸው አልችልም፤ እኔም እንዲሁ ነው የተማርሁት። የከፋው ደግሞ፣ ለብዙ ዓመታት ሌሎችን ያስተማርሁትም እንዲሁ ነው።

ስለ ፈተናው ራሱ ብዙ አልናገርም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ጤና ሚኒስቴር ለጤና ባለሙያዎች አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና መስጠት ከጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ፣ በተለይም የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች ተግባራዊ ከሆነ በኋላ፣ የነርሲንግ ተማሪ በሁለት በሮች ማለፍ ግድ ሆኖበታል። ቤተሰቡ ከብት ሸጦ ያስተማረው ልጅ የዓመታት ድካሙ በጥቂት ሰዓታት ይመዘናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ተማሪው ወደ ሰንጠረዥና ወደ ቃል ጥናት ቢሸሽ አይደንቀኝም። ሰንጠረዥ ያረጋጋል። ችግሩ ሰንጠረዡ የሚያረጋጋው እስከ ፈተናው ዋዜማ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው፤ የፈተናው ጥያቄ «የአዲሰን ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?» ብሎ የሚያቆም ከሆነ ጥሩ፤ «ከእነዚህ አራት ታካሚዎች መጀመሪያ የምታየው የትኛዋን ነው?» ብሎ ከመጣ ግን ሰንጠረዡ ዝም ይላል።

እስቲ ለምን እንደሚል በራሳችን አገር ምሳሌ ላሳያችሁ።

ሃይፖታላመስን እንደ ክልል መስተዳድር ቁጠሩት። ፒቱታሪ ክፍለ ከተማው ነው። ታይሮይድና አድሬናል ቀበሌዎች ናቸው። ክልሉ ለክፍለ ከተማው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ክፍለ ከተማው ደብዳቤውን ወደ ቀበሌው ይመራል፤ ቀበሌው ሥራውን ይሠራል፤ ሪፖርቱም ወደ ላይ ይመለሳል። ሪፖርቱ ሲደርስ ደብዳቤው ይቆማል። በእኛ አገር ሪፖርት ደርሶም ደብዳቤ ላይቆም እንደሚችል አውቃለሁ፤ ሰውነታችን ግን በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻለ አስተዳዳሪ ነው።

አሁን ቀበሌው ታመመ እንበል። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ማመንጨት አቃተው። ሪፖርት የለም። ክፍለ ከተማው ምን ያደርጋል? ደብዳቤ ይደጋግማል። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ ይላል፤ ቲፎር ዝቅ ይላል። የታመመው ክፍለ ከተማው ከሆነስ? ደብዳቤም የለም፣ ሥራም የለም፤ ሁለቱም ዝቅ ይላሉ። ቀበሌው ማንም ሳያዘው ከልክ በላይ ቢሠራ ደግሞ ሪፖርቱ ይበዛል፤ ደብዳቤው ይቋረጣል፤ ቲፎር ከፍ፣ ቲኤስኤች ዝቅ። ይህን የተረዳ ተማሪ ስድስት መስመር ሰንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልገውም። ባዶ ወረቀት ላይ ሦስት ሳጥን ይሥላል፣ ቀስት ይሰድዳል፤ መልሱ ራሱ ይመጣል።

በተራራው ላይ ወደ ሰማሁት አዲሰን ልመለስ። አልዶስቴሮን ሶዲየምን ያስቀራል፣ ፖታሲየምን ያስወጣል። እርሱ ሲጠፋ ሶዲየም በሽንት ይፈስሳል፤ ውኃም ይከተለዋል፤ ግፊት ይወድቃል። ፖታሲየም ይጠራቀማል፤ የልብ ምት ይዛባል። ኮርቲዞልም ስለጎደለ ስኳር ይወርዳል። አራቱም ምልክቶች ከአንድ ምንጭ ቀዱ። ደብዳቤውስ? ሪፖርት ስላጣ ኤሲቲኤች ይበዛል፤ ኤሲቲኤች ከሚሠራበት ግንድ ደግሞ ቆዳን የሚያጠቁር ሆርሞንም ይወጣል። ስለዚህ የቆዳ መጥቆር ሕመሙ ቀበሌው ውስጥ እንጂ ክፍለ ከተማው ውስጥ እንዳልሆነ ይነግረናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም መጽሐፍና ታካሚ የሚለያዩበት ቦታ ነው። የምናነባቸው መጻሕፍት «ቆዳው ነሐስ መሰለ» ይላሉ። ለማን ነው ነሐስ የመሰለው? መጽሐፉን የጻፈው ሰው የሚያየው ነጭ ቆዳ ነው። በእኛ ታካሚ ላይ ነሐስ ስትፈልጉ ብትውሉ አታገኙም። የመዳፍ መስመሮችን እዩ፤ አዲስ ጠባሳን እዩ፤ የጉንጭ ውስጠኛ ክፍልና ድድን እዩ። ድድ ስላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ከሰሜን የመጡ እናቶቻችን ድዳቸውን የተነቀሱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በተፈጥሮው የጠቆረ ድድም ብዙ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ጥቁር ነው?» ሳይሆን «ከመቼ ወዲህ ጠቆረ?» ነው። የድሮ ፎቶግራፍ ካለ አስመጡ። እኅቷን ጠይቁ። ቶማስ አዲሰን በ1855 እ.ኤ.አ. በሽታውን ሲገልጽ የብዙዎቹ ሕሙማን አድሬናል በሳንባ ነቀርሳ ተበልቶ ነበር፤ ሳንባ ነቀርሳ ዛሬም ከእኛ ጋር ስላለ፣ ነቀርሳ ታክሞ ድካምና መክሳት ያልለቀቀውን ሰው ስታዩ ይህ ትዝ ይበላችሁ።

በዚያው ምሳሌ ሌላ ነገርም ይገለጣል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ተብሎ የታዘዘ ፕረድኒሶሎን ለወራት የሚወስድ ሰው አለ፤ ያለ ማዘዣ እየገዛ የሚወስድም አጋጥሞኛል። ሆርሞኑ ከውጭ ስለሚገባ ክልሉ «ቀበሌው እየሠራ ነው» ብሎ ደብዳቤውን ያቆማል። የቀበሌው ሠራተኞች ይተኛሉ። ሰውየው ክኒኑ ሲያልቅበት ወይም «ተሻለኝ» ብሎ በአንድ ቀን ሲያቆም፣ ደብዳቤ ቢላክም የሚነሣ የለም። ግፊቱ ወድቆ ይመጣል። «ስቴሮይድ በድንገት አይቋረጥም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ተኝቶ የቀረውን ቀበሌ ያየ ሰው ግን አይረሳውም።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልግባ። ለመናገር ቀላል አይደለም።

ከተመረቅሁ ገና ሰባተኛ ወሬ ነበር። ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበርሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ሁለት ወንድማማቾች ታናሻቸውን ተሸክመው ገቡ። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ይወራጫል፤ ሲጠሩት አይመልስም። አንደኛው ወንድም «ጠጥቶ ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ መንፈስ ነው፤ ጠበል ልንወስደው ስንል ጎረቤት ከለከለን» ይላል። ኪሱ ውስጥ የክትትል ካርድ ተገኘ፤ የስኳር በሽተኛ ነው፤ ኢንሱሊን ይወስዳል። ተረኛው ሐኪም በሌላ ድንገተኛ ሕሙም ተይዟል። የስኳር መለኪያው አለ፤ ስትሪፑ ካለቀ ግን ሦስት ቀን ሆኖታል።

በአእምሮዬ ያለው ሰንጠረዥ ተገለጠ። «የስኳር በሽተኛ፣ ራሱን የሳተ፦ ዲኬኤ፤ ሕክምና፦ ኢንሱሊን።» ሐኪሙ እንደደረሰ ዝግጁ ይሁን ብዬ፣ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ሳይደርስም ለመስጠት አስቤ፣ ጠርሙሱን አንሥቼ በሲሪንጅ መቅዳት ጀመርሁ። በዚያ ሌሊት አብራኝ የነበረችው ሲስተር ከእኔ ሃያ ዓመት የምትበልጥ ነበረች። አልጮኸችም።

«እጅሽን ግንባሩ ላይ አድርጊ» አለችኝ።

አደረግሁ።

«ምን ይሰማሻል?»

«እርጥብ ነው፣ ሲስተር። በላብ ተነክሯል።»

«ስኳሩ የጨመረ ሰው ደረቅ ነው። አስቀምጪው።»

ሐኪሙን አስጠርታ፣ ትእዛዙን ተቀብላ፣ አርባ በመቶ ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠችው። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ልጁ ዓይኑን ገልጦ የት እንዳለ ጠየቀ። ማለዳ ኢንሱሊኑን ወስዶ፣ ቀኑን ሙሉ ገበያ ውስጥ ጭነት ሲያወርድ ውሎ፣ ምሳም እራትም አልበላም ነበር። ወንድሞቹ አለቀሱ። እኔ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ገብቼ በሲሪንጁ ውስጥ የቀዳሁትን ኢንሱሊን አየሁት። ያን መጠን ብሰጠው ኖሮ ዛሬ ስለ ፈተና አልነግራችሁም ነበር።

ያ ሌሊት ያስተማረኝን በሥርዓት ላስቀምጠው። ስኳር ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን ይረጫል፤ ስለዚህ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ይመጣል፤ ቀጥሎ አንጎል ምግቡን ስለሚያጣ መወራጨት፣ መቀባጠር፣ ራስን መሳት ይከተላል። ነገሩ በደቂቃዎች ይሆናል። ስኳር ሲጨምር ግን ስኳሩ በሽንት ሲወጣ ውኃን ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ጥም፣ የደረቀ ምላስና ቆዳ ይታያል፤ ዲኬኤ ከሆነ ደግሞ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚመስል የትንፋሽ ሽታ ይታከልበታል። ይህ በሰዓታትና በቀናት የሚመጣ ነው። መለኪያ በሌለበትና በተጠራጠራችሁ ጊዜ ግሉኮስ ይቀድማል፤ ስኳሩ ከፍ ላለ ሰው ጥቂት ግሉኮስ ቢጨመርለት የሚደርስበት ጉዳት ትንሽ ነው፤ ስኳሩ ለወረደ ሰው ኢንሱሊን መስጠት ግን መግደል ነው። ፈተናው «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ሲል የሚጠይቀው ይህንን ሚዛን ነው። የትኛው ስሕተት ይመለሳል? የትኛው አይመለስም?

በነገራችን ላይ፣ የእኛ ቋንቋ ስለ ቆሽት ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል፤ የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ጭንቀትና ቁጣ ኮርቲዞልንና አድሬናሊንን አስነሥተው ስኳርን እንደሚያወጡ ለተማሪዎቼ ስነግር በዚህ እጀምራለሁ፤ ይስቃሉ፤ አይረሱትምም።

ዲኬኤን በተመለከተ ተማሪዎች ደጋግመው የሚስቱት ቅደም ተከተሉን ነው። «ኢንሱሊን» ብለው ይሮጣሉ። ታካሚው ግን የሚሞተው መጀመሪያ በድርቀት ነው፤ ስለዚህ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ በመቶ ሳላይን ይቀድማል። ከዚያ ፖታሲየም ይታያል። በምርመራ ወረቀቱ ላይ ፖታሲየም መደበኛ ወይም ከፍ ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ግን ከሴሎቹ ወጥቶ በደም ውስጥ የቆመ ነው፤ ብዙው በሽንት ሄዷል። ኢንሱሊን ሲገባ ስኳርን ብቻ ሳይሆን ፖታሲየምንም ወደ ሴል ይነዳዋል። በጣም ዝቅ ካለ ልብ ይቆማል። በደም ሥር የሚሰጠውም ንጹሑ፣ ሬጉላሩ እንጂ ደመናማው ኤንፒኤች አይደለም። ይህም ከዘዴው የመጣ እንጂ ሌላ የሚሸመደድ መስመር አይደለም።

ሁለተኛው ታሪኬ መምህር ከሆንሁ በኋላ የደረሰ ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳፍረኛል። ምክንያቱም በዚህኛው ጊዜ መልሱን አውቄው ነበር።

ተማሪዎቼን ይዤ በክትትል ክፍል ሳለሁ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ዓይነት አንድ ስኳር የተገኘባት አንዲት እናት መጣች። ሁሉን በሥርዓት አስተማርኋት፤ የመርፌ ቦታ መቀያየርን፣ መጠኑን፣ ጠርሙሱን። «ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ» አልኋት። በአክብሮት አንገቷን ነቀነቀች። ተማሪዎቼ ማስታወሻ ያዙ። ፈተና ቢሆን ሙሉ ነጥብ ነበር።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ልጅቷ በዲኬኤ ተኝታ አገኘኋት። እናትየው ስታየኝ ተነሥታ፦ «ሲስተር፣ እርስዎ እንዳሉኝ ነው ያደረግሁት» አለችኝ።

በእርግጥም አድርጋለች። ቤቷ ፍሪጅ የለም። ስለዚህ ሁለት መንደር አልፎ ለስላሳ የሚሸጥ አንድ ባለ ሱቅ ለምና፣ ጠርሙሱን እርሱ ዘንድ አስቀመጠች። ባለ ሱቁ ደግ ሰው ነው፤ መድኃኒት ነውና ይበልጥ ይጠበቅ ብሎ በረዶ ቤቱ ውስጥ ከተተው። ኢንሱሊኑ በረዶ ሠራ። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቢቀልጥም ኃይሉ የለም። በየማለዳውና በየምሽቱ እየሄደች ታመጣለች፣ ትወጋለች፣ ትመልሳለች፤ ሱቁ በተዘጋበት ቀን ደግሞ ልጅቷ ሳትወጋ ታድራለች። እናትየዋ ይህን ሁሉ የተሸከመችው የእኔን ዓረፍተ ነገር ለመፈጸም ነው።

እኔ ያልጠየቅኋት አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ቤትሽ ፍሪጅ አለ?»

ያልተከፈተ ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀመጥ ይመረጣል። በሥራ ላይ ያለ ጠርሙስ ግን ፀሐይ ሳይነካው፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቀዝቃዛ ስፍራ፣ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። የሐዋሳ ቀትር ሲከብድ ደግሞ እናቶቻችን የሚያውቁት ብልሃት አለ። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው በውኃ ይርሳል፤ በላዩ እርጥብ ጨርቅ ይደረጋል፤ ማሰሮው ጥላ ሥር፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይቀመጣል። ውኃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ጠርሙሱ በደረቅ ዕቃ ተሸፍኖ በውስጠኛው ማሰሮ ይቀመጣል። ገንቦ ውኃን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም፤ ይህን ከኢንሱሊን ጋር ማገናኘት የነርሷ ሥራ ነው። ያችን እናት በኋላ ያስተማርኋት ይህንን ነው። ልጅቷ ድናለች፤ ክትትሏንም አላቋረጠችም።

ብዙዎቻችሁ የምትለማመዱባቸው የጥያቄ ስብስቦች ለአሜሪካ ነርሶች ፈተና የተዘጋጁ ናቸው። አልቃወማቸውም፤ ቅድሚያ መስጠትን ጥሩ አድርገው ያስተምራሉ። ነገር ግን ስትሠሯቸው ተርጉሟቸው። ቃሉን ማለቴ አይደለም፤ ቤቱን ነው። ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ለወረደ ነቅቶ ላለ ታካሚ «ግማሽ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ» ይላል መጽሐፉ። አሥራ አምስት ግራም ስኳር ማለት ነው። በእኛ ቤት ይህ በውኃ የተበጠበጠ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም የለስላሳ ጠርሙስ ግማሽ ነው፤ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ስኳርም፣ ማርም፣ ጠበልም በአፉ አይደረግም፤ ወደ ሳንባ ይገባል። የአመጋገብ ወረቀታችንም ስለ ብሮኮሊ በዝርዝር ጽፎ ስለ ቆጮና ስለ ቡላ ዝም ይላል፤ በሲዳማ ገጠር በየዕለቱ የሚበላው ግን እንሰት ነው፤ አብዛኛውም ስታርች ነው። ጾምን የሚጾም የኦርቶዶክስ ታካሚ፣ ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም ታካሚ ብዙውን ጊዜ ከእኛ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይጾማል። ካልጠየቅነው አይነግረንም። «ሳልበላ መርፌ ለምን?» ብሎ በታመመ ቀን ኢንሱሊኑን ጨርሶ የሚተውም ብዙ ነው፤ ሕመም ራሱ ስኳርን እንደሚጨምር አልነገርነውም።

ስለ ታይሮይድ ጥቂት ልጨምር። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንጠቅሳለን፤ እንቅርት የምሳሌ መነሻ እስኪሆን ድረስ ከእኛ ጋር የኖረ በሽታ መሆኑን ግን አናስተውልም። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ልጆች ከመቶ 40 የሚጠጉት እንቅርት ነበረባቸው፤ በቀድሞው ደቡብ ክልል ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ነበር። ሐዋሳ የዚያ ክልል ዋና ከተማ ነበረች። ምክንያቱ የአዮዲን ማነስ ነው፤ አሁን ቀበሌውን አስቡት፤ ጥሬ ዕቃ የለውም፤ ደብዳቤ ግን ይጎርፍለታል፤ ሥራውን ለመወጣት ሲል ራሱን ያሰፋል። አንገት ላይ የሚታየው ያ ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከመነሣቱ በፊት አዮዲን የገባበት ጨው በብዛት ይመጣ የነበረው ከዚያ ነበር፤ ከ1998 እ.ኤ.አ. በኋላ መስመሩ ተቋረጠ፤ አገሪቱ ወደ አፍዴራ ጨው ፊቷን አዞረች። እ.ኤ.አ. በ2011 የጨው አዮዲን ደንብ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ከመቶ 15 ያህል ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 89 ደረሱ። ፖሊሲ ዕጢ ሲያክም እንዲህ ነው። ነርሷ የምትጨምረው ደግሞ አንዲት ምክር ነች፦ ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር፤ አዮዲን በሙቀትና በአየር ይጠፋል።

ትልቅ እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ ፈተናው ሁልጊዜ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት ነው። ፋሻው ከፊት ንጹሕ ነው ብላችሁ አትለፉ፤ ታካሚዋ ተንጋልላ ስለምትተኛ ደሙ ወደ ማጅራት ይወርዳል። እጃችሁን ከአንገቷ ሥር አስገቡ። ድምፅዋን አዳምጡ። «ከንፈሬ ዙሪያ ይነዝረኛል፣ ጣቶቼ ደነዘዙ» ካለች ፓራታይሮይድ ተነክቶ ካልሲየም ወርዶ ይሆናል፤ ጡንቻው ከጣት ወደ ጉሮሮ ሊሄድ ነው። ካልሲየም ግሉኮኔት አቅራቢያ ይኑር፤ የመተንፈሻ ቧንቧ መክፈቻ ዕቃም እንዲሁ። ከአራት ታካሚዎች መጀመሪያ የምትታየው እርሷ ናት፤ ይህም የሆነበት ምክንያት በዝርዝር ስለተጻፈ ሳይሆን አየር ስለሚቀድም ነው። ዕጢው ወጥቶ ሌቮታይሮክሲን ለጀመረች ሴት ደግሞ «በባዶ ሆድ ውሰጂ» ማለት አይበቃም። የእኛ ሰው ባዶ ሆድ ሲል ቡና አይቆጥርም። ቡና መድኃኒቱ እንዳይሰርግ ያደርጋል። በሲዳማ ምድር ቡናን ለግማሽ ሰዓት ወይም ለአንድ ሰዓት አዘግዩ ማለት ከባድ ምክር ነው፤ ግን ካልተነገረ መጠኑ በየጊዜው ሲጨመር ይኖራል።

ይህን ሁሉ ስናገር ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ የሚያነሡትን ተቃውሞ አውቃለሁ። «ፈተናው የሚጠይቀውን ብቻ እናስተምር፤ ማሰሮውን በሥራ ላይ ይማሩታል» ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ ያልፈተነ አያስቀጥርምና ተማሪው ማለፍ አለበት። ነገር ግን በሥራ ላይ ማን ያስተምራቸዋል? በጎንደርና በጅማ ዙሪያ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የደም ግፊት ክትትልን ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ለማውረድ ሲሠራ፣ ክትትሉን የያዙት በአብዛኛው ነርሶችና የጤና መኮንኖች ናቸው። ታካሚው ወደ ከተማ የሚያደርገው የረጅም ቀን ጉዞ ቀረለት። በዚያ ጤና ጣቢያ ግን «እጅሽን ግንባሩ ላይ አድርጊ» የምትል ሲስተር ከጎን ላትኖር ትችላለች። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ባለ ቦታ ብቻችሁን ትቆማላችሁ።

አሁን በክፍሌ የማደርገው ይህ ነው። ለአንድ ጥያቄ ትክክለኛውን ፊደል ያከበበ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ያገኛል። ሌላውን ግማሽ የሚያገኘው ከሌሎቹ ሦስት ምርጫዎች አንዱ ትክክል የሚሆንበትን ታካሚ ሲገልጽልኝ ነው። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። አንዲት ተማሪ «መምህርት፣ ይህ በፈተናው አይመጣም» ብላኝ ነበር። ባለፈው ሴሚስተር በልምምድ ላይ ሳለች ደውላ፣ አንድ አባት ኢንሱሊናቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ስትጠይቃቸው «ጣሪያው ሥር፣ ልጆች እንዳይነኩት» እንዳሏት ነገረችኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ጠርሙሱን አስወርዳ፣ ማሰሮ ፍለጋ ከልጃቸው ጋር ገበያ ወጥታ ነበር።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።